ወይፈኑን እዚያው እሰረው

ከቤት የወጣሁት ሊመሽ ሲል ነበር፣ ታናሽ ወንድሜ ገመቹ ኳሱን ከቆርቆሮ አጥር ጋር እያላተመ። ቆርቆሮው የእኛ እንዳይመስላችሁ። በፉሪ በኩል ያለውን የአባቴን መሬት እኩሌታውን «ለልማት» ብለው ከወሰዱት በኋላ ባለሀብቱ ያጠረበት ነው። ልማቱ እስካሁን ቆርቆሮው ብቻ ነው። አጥሩ ከቆመ ጀምሮ ገመቹ ጠዋት ማታ ጓ! ጓ! ሲያደርገው ዘበኛው መሳደቡ ሰልችቶት ትቶታል። ያን ዕለት ግን የሚለጋው ለልምምድ አልነበረም። እኔን የሚፈልጉት ሚሊሻዎች መንገዱ ዳር ቆመዋል፣ የጓሯችን በር ደግሞ ሲከፈት እንደ በሽተኛ ያቃስታል። እሱ በኃይል ለጋ፣ እኔ ከፍቼ ወጣሁ። አባቴ፣ ኦቦ ቱፋ፣ ግንባሬን ሳሙኝና «ነጋን ገሊ» አሉኝ፤ በሰላም ግባ ማለት ነው። የት እንደምገባ እሳቸውም እኔም አናውቅም ነበር።

ወንጀሌን የማታውቁ ካላችሁ፣ ፊሽካ ነው። ሰበታ ውስጥ የስፖርት መምህር ነበርኩ። ተማሪዎቹ ማስተር ፕላኑን ተቃውመው በወጡ ዕለት ፊሽካዬ እንደ ወትሮው አንገቴ ላይ ነበር፤ «ነፍቶ ያሰለፋቸው እሱ ነው» ተባለ። በፊሽካ የሚሰለፉ ቢሆኑማ ኖሮ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ቀን እንኳ ቀጥ ብለው በቆሙልኝ!

ሞያሌን ያለፍኩት በከብት መኪና ነው። ሾፌሩ «ፍተሻ ሲመጣ ቁጭ በል፣ በሬዎቹ ይከልሉሃል» አለኝ። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ በሬ ጠምጄ አውቃለሁ፤ በሬ ሲሸሽገኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። በዚያ መኪና ላይ ወረቀታቸው የተሟላላቸው እነሱ ብቻ ነበሩ።

ናይሮቢ ውስጥ ያረፍኩት ኢስሊ በሚባለው፣ የእኛ ሰው በሞላበት ሰፈር ነው። እዚህም ክረምት ላይ እንደ ሰበታ ይበርዳል፣ ግን ነጎድጓድ የለም፣ ዝም ብሎ ያካፋል። ኡጋሊ የሚሉትን ምግብ ገንፎ ነው ብለው ያቀርቡላችኋል፤ መሀሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የሚፈስበት ጉድጓድ የለውም። መሀሉ ያልተጎደጎደ ምኑን ገንፎ ሆነ? አንጀቴን ያራሰኝ ሰዓታቸው ብቻ ነው። «ሳ ቲሳ» ካሏችሁ እንደኛው ዘጠኝ ሰዓት ማለታቸው ነው፤ ከጠዋት ጀምረው ይቆጥራሉ። በሰዓት እንኳ ከሰው መግባባት ምን ያህል ደስ እንደሚል የተሰደደ ያውቀዋል።

ስደተኛ የሚመዘግበው ሰውዬ ከምን ሸሽቼ እንደመጣሁ ጠየቀኝ።

«ከማስተር ፕላን» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የከተማ ፕላን? መንገድ፣ ቦይ፣ መብራት?»

«አዎ።»

«ወንድሜ፣ እኛ እዚህ ፕላን አጥተን ነው የምንሰቃየው» አለና ሌላ ቀን እንድመለስ ነገረኝ። ሌላ ቀን ተመለስኩ። አሁንም እየተመለስኩ ነው።

አከራዬ ማማ ንጄሪ ደግሞ ከእኔ ጋር ያላት ጠብ ስልኬ ነው። ወደ ቤት ስደውል ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስጮህ በሯን ከፍታ «ኢትዮጵያ ካልጮህክባት አትሰማም እንዴ?» ትለኛለች። አትሰማም ማማ፣ ብጮህም አትሰማም፤ ግን ይህ በስዋሂሊ እንዴት እንደሚባል አላውቅም።

እንዲህ እየኖርኩ ሳለ የጎረቤት አገሮች ታዳጊዎች ዋንጫ ናይሮቢ ላይ ሊካሄድ ነው ተባለ። ያ ቆርቆሮ ሲደበድብ የኖረ የገመቹ ግራ እግር ለብሔራዊ ቡድን አበቃው። ዜናውን የነገሩኝ አባቴ ናቸው። ስልክ ይጠለፋል ብለን ስለምንፈራ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ በከብት ነው የምናወራው።

«ለሚ፣ ወይፈኑ ወደ አንተ እየመጣ ነው» አሉኝ። «እዚህ ግጦሽ የለም። እኩዮቹን ሁሉ እየነዱ በረት አስገቧቸው። እዚያው እሰረው። አደራ፣ እንዳትመልሰው!»

ከጀርባቸው ኳሱ ይሰማኛል፣ ጓ! ጓ! በደወልኩ ቁጥር የሚሰማኝ እሱ ነበር፤ እንዲያውም አንዳንዴ የምደውለው ለእሱ ድምፅ ነው ብል አልዋሸሁም።

ቡድኑ እንደገባ ያረፉበት ሆቴል ሄድኩ። ቡድን መሪው በር ላይ ያዘኝ፤ ጫማው መስታወት የሚያስንቅ፣ አማርኛው ቦሌ ቦሌ የሚል ሰው።

«ምን ፈለግህ?»

«ደጋፊ ነኝ።»

«የታዳጊ ቡድን ደጋፊ? እናቶቻቸው እንኳ አልተከተሏቸውም!»

«የሰበታ ልጅ ነኝ። የሰፈሬ ልጅ አለ፣ ሰላም ልበለው ብዬ ነው።»

«እናውቃችኋለን» አለኝ። «ደጋፊ አንድ ሆኖ ይገባል፣ ሁለት ሆኖ ይወጣል። በል ዞር በል።»

ስለዚህ ያለኝ ስታዲየሙ ብቻ ነበር። ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ አንድም አልቀረሁም። እኛ ደጋፊዎቹ ደግሞ ብዛታችን ለአንድ ታክሲ አይሞላ፣ ጠባችን ለአገር ይተርፋል። አንዱ «ከመንግሥቱ ሸሽተህ ለቡድኑ ታጨበጭባለህ?» ይለኛል። ሌላው ባንዲራ አልያዝክም ብሎ ይቆጣኛል፤ ብይዝ ደግሞ ኮከብ አለው የለውም ብሎ ሊመረምር ነው።

«ለመሆኑ ማንን ነው የምትደግፈው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ዐሥራ አንድ ቁጥሩን» አልኳቸው።

ለፍጻሜ የሚያልፈው የሚለይበት ጨዋታ ላይ ዐሥራ አንድ ቁጥሩ በዚያ ግራ እግሩ አገባ። አገባ ስላችሁ፣ በረኛው አላያትም! ፊሽካዬን ከኪሴ አውጥቼ ነፋሁ፤ አገር ያስለቀቀችኝን ፊሽካ ከእኔ ጋር ነው ያመጣኋት። ገመቹ ጓደኞቹ ተከምረውበት ሳለ ድምፁን ለየው፣ ቀና ብሎ ፈለገኝ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ጨዋታው እንዳለቀ ወደ አጥሩ መጣ። ቡድን መሪው ትንሽ ራቅ ብሎ በስልክ ያወራል፣ በዚያው በቦሌ አማርኛው። የእኛን አገር ሰው ልማድ ታውቃላችሁ፤ ከተሜ አጠገባችን ሲቆም ምስጢራችንን ወደ አፋን ኦሮሞ እንገለብጣለን። ገበያ ላይ፣ ቀበሌ ውስጥ፣ ታክሲ ላይ ስንኖርበት የኖርነው ነው። ጫማውን አየሁና ያንኑ አደረግሁ።

«ሂን ዴቢኢን» አልኩት ወንድሜን፤ አትመለስ። «አባዬ ናቸው ያሉት። አሁኑኑ ከእኔ ጋር ና።»

«ፍጻሜው አለ እኮ፣ ለሚ!» አለኝ በዚያው ቋንቋ፣ ላቡ አገጩ ላይ እየተንጠባጠበ። «እሱን ልጫወትና እንዳለቀ እመጣለሁ።»

«ገመቹ፣ አሁን።»

«አንድ ጨዋታ ብቻ! አንድ!»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? አገሩ መሬቱን ወስዶ ኳስ ሜዳ ሰጥቶታል፤ እሱንም ለአንድ ቀን። «ቶሌ» አልኩት፣ እሺ። ራሱን በእጄ ዳበስኩት፤ ጸጉሩ ሳር ሳር ይሸታል።

ቡድን መሪው ስልኩን ከጆሮው አወረደ። ወደ እኔ ዞረና ከእኔ በጠራ አፋን ኦሮሞ «ናፍ ገሌራ» አለኝ። ገብቶኛል ማለት ነው። ፈገግ ብሎ ደግሞ በአማርኛ ጨመረበት፤ «እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ወንድም።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጫማ ዓይቼ ሰው ገመትኩ።

በፍጻሜው ቀን በሩ ሳይከፈት ደረስኩ። ቡድኑ ሲገባ ዐሥራ አንድ ቁጥርን የለበሰው ሌላ ልጅ ነው። ተቀያሪዎቹን አየሁ፣ የለም። አጥሩ ድረስ ወርጄ ቡድን መሪውን ጮኼ ጠራሁት።

«ገመቹ የት አለ?»

«አገሩ ናፈቀው» አለኝ፣ በአማርኛ። «ትናንት ላክነው። የሚቀበሉት ሰዎች አሉ።»

ዋንጫውን ማን እንደወሰደ ከመካከላችሁ ጽፎ የጠየቀኝ አለ። ስታዲየሙ ውስጥ ነበርኩ፣ ግን አላውቅም። ስልኩን ስደውል ዋልኩ። የገመቹ ዝግ ነው። የቤቱም መስመር እንደዚያ ሰሞን ልማዱ ጠፍቷል። ኢስሊ ተመልሼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እየደወልኩ ለራሴ ተስፋ እሰጥ ነበር፤ ምናልባት ዝም ብለው ለቀውታል፣ ምናልባት ቤት ገብቶ እየበላ ነው፣ ምናልባት አሁን አባቴ ሲያነሱ ያ ቆርቆሮ ይሰማኛል።

አነሱ። ድምፃቸውን እንደዚያ ደስ ብሎት ሰምቼው አላውቅም።

«ለሚ! ጎበዝ! የአባትህ ልጅ!» አሉኝ። «ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ተሰብስቦ በቴሌቪዥን ሲያይ ነበር። ወይፈኑን በፍጻሜው ሲያጡት ሰው ሁሉ አዘነ፣ እኔ ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው ነው የገባኝ። አሰርከው፣ አይደል?»

ከጀርባቸው ያለውን አዳመጥኩ። ሰው ይስቃል፣ ውሻ ይጮኻል። ቆርቆሮው ዝም ብሏል።

«አባዬ...» አልኩ።

ማማ ንጄሪ ልትቆጣኝ በሯን ከፈተች። እየጮህኩ እንዳልሆነ ስታይ ግራ ገብቷት ቆመች።

«ኧረ ተወው የከብቱን ነገር! ይስሙ ከፈለጉ፣ አሁን ምን ያመጣሉ?» አሉኝ አባቴ፣ ከሄድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን በስልክ እየጠሩ። «ስልኩን እስቲ ለገመቹ ስጠው። ድምፁን ልስማው።»