ከሰማይ ዕቃ የወደቀበት ሰው

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ልደት ነው ብለው ቤቱን በፊኛ ሞሉት። አንዱ አጠገቤ ጧ ብሎ ሲፈነዳ እኔ አሮጊቷ ከመቀመጫዬ ዘለልኩ፤ ድንጋጤው ሲያልፍ አፍንጫዬ ላይ የቀረው የጎማ ሽታ ግን ከዚህ ከደብረ ማርቆስ ቤቴ አንስቶ በጮቄ ግርጌ ወዳለው ወደ አባቴ የገብስ ማሳ ይዞኝ ሄደ።

ያኔ ገና ጥርሴን እየነቀልኩ ነው። ገብሱ ለአጨዳ በተቃረበበት ሰሞን አባቴ ከማሳው መሀል አንዲት ነጭ፣ እንደ ጥጥ የቀለለች ሣጥን አገኘ፤ በረጅም ክር ከስስ ቀይ ጨርቅ ጋር ተያይዛለች፤ ከጨርቁም ላይ የተበጫጨቀ ጎማ ተንጠልጥሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይሸሻል ወይ ይደብቃል። አባቴ ግን ወድቆ የተገኘ ነገር፣ ግልገልም ይሁን የመቀነት ቋጠሮ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነገራል የሚል ሰው ነበርና፣ ሣጥኗን በጋቢው ጠቅልሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ወይራ ሥር ቆመ።

«ከሰማይ ዕቃ የወደቀበት ሰው ምልክቱን ተናግሮ ይውሰድ!»

«ተሰማ፣ ባለቤቱ ሩቅ ነው፤ ስንቅህን ይዘህ ውጣ!» አለው ጎረቤታችን አያ አለሙ፤ ሰዉም በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ግን አልቆየም። በሳምንቱ በረዶ ወርዶ የመንደሩን ገብስ ሲያስተኛ የእኛን ማሳ ሳይነካ አለፈ። «ተሰማ የሰማይ ነገር ይዟል» ተባለ። አባቴ ለአጨዳው ደቦ ቢጠራ፣ አንዱ ወገቤን፣ ሌላው ለቅሶ አለብኝ እያለ ቀረ፤ ገብሱም አጫጅ አጥቶ በቁሙ ሊረግፍ ሆነ።

አባቴ ደብረ ማርቆስ ሰማይ የሚጠብቁ የመንግሥት ሰዎች አሉ ሲባል ሰምቶ ኖሮ፣ ሣጥኗን ይዞ ሲነሳ እኔም አልቅሼ ተከተልኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ዓይኔ ያረፈው ቀዩ ጨርቅ ላይ ነው፤ «የሰው ነው» እያለ አላስነካ ብሎኝ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ መነጽር ያደረገ፣ አነጋገሩ የሌላ አገር የሆነ ሰው ሣጥኗን አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይህቺ እኮ ሥራዋን ጨርሳ ነው የወረደች!»

አስቀምጦ አስረዳን። የተበጫጨቀው ጎማ ፊኛ ነበር፤ ከአየር የቀለለ ጋዝ ተሞልቶ ሣጥኗን ከደመና በላይ ይዟት ይወጣል አለ፤ እሷም እየወጣች ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ የአየሩን ግፊት እየለካች በሬዲዮ ወደ ምድር ትናገራለች፤ ነፋሱን ደግሞ ወዴት እንደሚነዳት አይተው ያውቃሉ። ሽቅብ በሄደች ቁጥር አየሩ እየሳሳ፣ ፊኛው እየተነፋ እየተነፋ መጨረሻው መፈንዳት ነው፤ ጨርቁ ሰው እንዳትፈነክት ቀስ አድርጎ ያወርዳታል።

አባቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «ላይ ምን አገኘች?» አለ።

«ብርድ ነው ጋሼ፤ ከጮቄ ብርድ እጅግ የባሰ።»

«እንዲህ ያለ አገር ልካችኋት፣ ስትመለስ ቤት ለእንግዳ የሚላት እንኳ አጣች?»

ሰውዬው ሳቁን ዋጠ። አባቴም የደቦውን ነገር ነገረው። ሰውዬው እሑድ መንደራችን ድረስ መጥቶ ከወይራው ሥር ቆመና፣ «ዕቃው የእኛ ነው፤ በረዶ አትጠራ፣ በረዶ አትመልስ፤ ያየችውን መናገር ብቻ ነው ሥራዋ። ለአቶ ተሰማ ሰጥተናቸዋል» አለ።

«እንግዲያው የእኔ ሚስት ናታ!» አለ አያ አለሙ። «እሷም ያየችውን ሳትናገር አታድርም!»

ሚስቱ በነጠላዋ ጫፍ ጀርባውን ስትጠበጥበው ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ሰኞ ማለዳ ማሳችን በማጭድ ተሞላ። ሣጥኗን አባቴ «ብርድ አይታለች፣ ትሙቅ» ብሎ የጫጩት ማሳደሪያ አደረጋት። ጨርቁን እናቴ ጫፉን ዘምዝማ ሻሽ አደረገችልኝ፤ በዚያ ዓመት ጥምቀት ላይ ከደመና በላይ የዋለ ሻሽ ያሰረች ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዛሬ የልጅ ልጄ ስልኩን አይቶ «እማማ፣ ነገ ዝናብ አለ» ይለኛል፤ ማን ብርድ ላይ ወጥቶ እንዳየለት አይጠይቅም። አምና የብር መስቀሌ ገበያ ውስጥ ወደቀብኝ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጆሮዬን አቁሜ ብጠብቅ የተናገረ የለም። መስቀሉስ ይሁን። አባቴን የቀበርን ጊዜ ግን ሰዉ ሲበተን እኔ ከወይራው ሥር ቀርቼ ነበር። የጠፋብኝን ምልክቱን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ ምልክቱን የሚጠይቀኝ ግን እሱ ራሱ ነበር።