የናንሳልማ ቀስት ሙጫ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2004 ማለዳ አባቴ ዳምዲንጃብ በልብ ድካም ሲሞት፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ቀስት የጀርባው ጅማት እስከ ግማሹ ብቻ ተልጦ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩትን አራት ቀናት አብሬው ስለነበርኩ እንደሆኑት እጽፋቸዋለሁ።

አባቴ በኦኖን ወንዝ ዳር ባለች መንደራችን አርባ ዓመት ቀስት ሠርቷል። የእንጨቱን ጀርባ የአጋዘን ጅማት የሚያለብሰው ከዓሣ ሆድ ከሚወጣ የአየር ፊኛ በተቀቀለ ሙጫ ነበር። የወንድሙን የዞድብን ልጅ የናንሳልማን ቀስት ሲሠራ ግን ዓሣ ጠፍቶ ሙጫው ሁለተኛው የጅማት ንብብር ላይ አለቀበት። ሦስተኛውን በከብት ቆዳ ሙጫ ጨረሰው፤ ለማንም አልተናገረም።

አዲስ ሙጫ ሲይዝ ልማዱ ይታወቃል። በሁለት የእንጨት ቁራጮች ላይ ጅማት ይለጥፍና ሦስት ሌሊት ብርድ ላይ ሰቅሎ፣ ይሰነጠቁ እንደሆነ ለማየት ያጎብጣቸዋል። ያን ጊዜ ሳል ይዞት ስለነበር ብርድ ላለመውጣት ብሎ አንዱን ቁራጭ ከምድጃው ጀርባ ሰቀለው፤ አልተሰነጠቀም። ሁለተኛውን ጎተራ ውስጥ ረሳው። ቀስቱ ዓመት ደርቆ በመከር ለናንሳልማ ተሰጠ።

ጃንዋሪ 15 አባቴ ገመድ ሊያመጣ ጎተራ ገባ። ሲወጣ የረሳውን ቁራጭ ለሁለት እንደተሰበረ ይዟል፤ ጅማቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተነስቷል።

"ናንሳልማ የት ናት?" አለኝ።

"ለቅዳሜው የቀስት ውድድር ሄዳለች። ምነው አባ?"

"ብርድ ላይ ከሳበችው ፊቷ ላይ ይፈነዳል።"

ዞድብ ቀኝ ዓይኑን በ1971 ያጣው አባቴ የሠራው ቀስት ፊቱ ላይ ፈንድቶ ነው።

የውድድሩ ቦታ ሩቅ ነው፤ ስልክም የለም። አርብ ቀኑን ሙሉ መኪና ስንለምን ዋልን። ቅዳሜ የጎረቤታችን ጂፕ በብርዱ አልነሳ ብሎ ከሞተሩ ሥር እሳት አነደድን። አባቴ ጓንቱን አውልቆ እሳቱን በእጁ ይቆሰቁሳል፤ እጁ መለብለቡን እንኳ አላስተዋለም። መንገድ ላይ "ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ሃያ ጊዜ ሳይጠይቀኝ አልቀረም።

ስንደርስ ናንሳልማ ከመስመሩ ላይ ቆማለች። አውታሩ ላይ ፍላጻ አስገብታለች።

"ናንሳል! እንዳትስቢ!" ብሎ አባቴ በረዶው ላይ እየተንሸራተተ ሮጠ።

"ሽማግሌው በሌላ መንደር ተወራርዷል!" አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ።

ናንሳልማ ቀላች። "አጎቴ፣ አታዋርደኝ እንጂ! አራት ፍላጻ ነው የቀረኝ። እስካሁን ምን ሆነ?"

"የላይኛው ሙጫ የከብት ነው። ደብቄሽ ነው። ስጪኝ፣ የኔ ልጅ።"

አልሰጠችውም። ዞድብ ከሕዝቡ መሃል ወጣና ቀስቱን ከእጇ ተቀበለ። አውታሩን ፈታ፤ ጀርባውን ወደ ደህናው ዓይኑ አስጠግቶ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ አጎበጠው። ጠቅ አለ። ከመያዣው በላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ታየች። ናንሳልማ ጓንቷን በአፏ ላይ ጫነች።

አባቴ ቀና ብሎ ወንድሙን ማየት አልቻለም።

"ያዝ" አለው ዞድብ ቀስቱን እየመለሰለት። "የዛሬውን ደርሰህበታል። ጓንትህን አድርግ፣ እጅህ ሊረግፍ ነው።"

እሑድ ጃንዋሪ 18 አባቴ እንዲያርፍ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። የቀስቱን ጅማት ልጦ በዓሣ ሙጫ እንደገና ሊያለብሰው ወስኗል። የወንዙን በረዶ ቀዶ ዓሣ የሚያጠምደው ባዛርሳድ ዘንድ አብረን በእግር ሄድን።

"በዚህ ብርድ ለፊኛ ብለህ መጣህ? ሥጋውን ውሰድ እንጂ፣ አንተ ግትር!" አለው ባዛርሳድ።

"ሥጋውን አንተ ብላው። ዕድሜ ልክህን ስትበላ እንኳ አልወፈርክ።"

ዘጠኝ ፊኛ ተቀበለ። እንዳይቀዘቅዙ በጉያው ይዟቸው ተመለሰ፤ ለብ ባለ ውሃ አጠባቸው፣ ደሙን በጥፍሩ ፋቀ፣ አንድ በአንድ ሳንቃ ላይ ዘረጋቸው። ከዚያ የናንሳልማን ቀስት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጅማቱን ከአንዱ ጫፍ መላጥ ጀመረ።