ሳንዘጋ የዘጋን ቪዲዮ

የአክስቴ ልጅ ለልብስ ስፌት ቤታችን ቪዲዮ ልሥራ ሲለኝ እሺ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ማንንም መውቀስ አልችልም። ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብላ ያለችውን ጠባብ ቤት የከፈታት አባቴ ነው። እኔም ከጎኑ ሌላ ስፌት መኪና ዘርግቼ አብረን እንሠራለን። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ብዙ ደንበኞቻችን ርቀው ሄደዋል።

«ማስታወቂያ ድሮ ቀረ» አለኝ የአክስቴ ልጅ። «አሁን ሰው የሚፈልገው እውነተኛ ታሪክ ነው።»

ግማሽ ቀን ይበቃል ያለው ሰውዬ ሦስት ቀን ተቀመጠብን። በር ስከፍት ለመቅረጽ ብቻ ስድስት ጊዜ አስደገመኝ። አንዴ ካሜራውን አየሽው ይላል፤ አንዴ የታክሲ ረዳት «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!» ብሎ ድምፁን ያበላሽበታል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ውጭ ቆሞ ጠብቆ ጠብቆ ሄደ።

በማግስቱ ተራው የአባቴ ሆነ።

«ጋሼ፣ በሕይወትዎ በጣም ያዘኑበትን ነገር ይንገሩን።»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «ይኼ የዛሬ ጊዜ ክር ያሳዝነኛል። ገና ሳትስበው ይበጠሳል።»

«ስለ ክር አይደለም ጋሼ!»

«ያሳዘነህን አላልከኝም እንዴ?»

ከዚያ በራሱ ጊዜ የአንድ ሙሽራ ታሪክ ጀመረ። ሙሽራው በሠርጉ ጠዋት ሱሪው አልገባ ብሎት እየሮጠ መጣ። አባቴ ሱሪውን ተርትሮ እስኪያሰፋ ድረስ ሚዜዎቹ ጋቢ ይዘው ከመንገደኛ ጋረዱት። ይኼን ሲያወራ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። የአክስቴ ልጅ ግን ፈገግም አላለ። በሦስተኛው ቀን አባቴን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ «ዝም ብለው ወደ ውጭ ይመልከቱ» አለው።

ቪዲዮው ሲወጣ ሙሽራው የለም። አባቴ በጥቁርና ነጭ ምስል መስኮቱ አጠገብ ፈዟል፤ ከሥሩ ማሲንቆ ያለቅሳል። ቀጥሎ እኔ እንባዬን እጠርጋለሁ። የሳቄን እንባ!

በነጋታው አንዲት ደንበኛ ገበሩ ገና ያልገባ ካፖርቷን ልትወስድ መጣች። «ቪዲዮውን አየሁት፤ ቤቱን ሳትዘጉ ልውሰደው ብዬ ነው፤ አይዞሽ እህቴ» አለችኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ሌሎች አራት ሰዎች ልብሳቸውን እንዳለ ይዘው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ አንድ የጥንት ደንበኛ ፊቱን አጥቁሮ ገባና አባቴን ከስፌት መኪናው ኋላ ሲያየው ክው አለ።

«ጋሼ! አሉ እንዴ?»

«አለሁ» አለ አባቴ። «ምን ላሳጥርልህ?»

ስልክ አንስቼ የአክስቴ ልጅ ላይ ጮህኩበት።

«ሰዉ ሁሉ እኮ አልቅሷል!» አለኝ በኩራት።

«የሚያለቅስ ሰው ልብስ አያሰፋም! የሙሽራውን ታሪክ አውጣልኝ።»

«ስሜቱን ይሰብረዋል።»

አክስቴ ራሷ ደውላ እስክትቆጣው ድረስ አንድ ሳምንት አስለመነኝ። የሙሽራው ታሪክ ከወጣ በኋላ የሄዱት መመለስ ጀመሩ፤ አዳዲስ ሰዎችም መጡ። ባለካፖርቷም እያፈረች ተመለሰች፤ ገበሩን አባቴ ራሱ አስገባላት። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ባሳየው ደግሞ መነጽሩን አስተካክሎ ሲያይ ቆየና «ይኼ ሽማግሌ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።

ብዙ ሰው የሚያየው ግን አሁንም ያንን የሚያስለቅሰውን ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ አንዲት ሴት ደውላ መቼ እንደምንዘጋ ጠየቀችኝ። ስድስት ተኩል ላይ ለምሳ እንዘጋለን አልኳት።