እትዬ ፋሻ የወንድሟን ውሻ ስታክም

በእንስሳት ክሊኒኩ እውነተኛ ስሟን የሚጠራ የለም፤ «እትዬ ፋሻ» ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የውሻና የድመት ቁስል ስታጥብና በፋሻ ስታስር ኖራለች። ምላሷም የእጇን ያህል ፈጣን ነው። የውሻውን እግር በር ቀርቅሮበት «ድንገት ነው» የሚላትን ባለቤት «ድንገት አንተን በቀረቀረህ!» ብላ ኩም ታደርገዋለች።

አዲሷ ዶክተር መጥታ «ቃጠሎ መድረቅ የለበትም፤ እርጥበቱን ጠብቀን ነው የምንሸፍነው» ስትል እትዬ ፋሻ በሳቅ ፈረሰች። ቁስል በፀሐይና በዱቄት መድኃኒት ይደርቃል፣ አለቀ። በኋላ ግን ምድጃ ጀርባውን የላጠው ቡችላ፣ የብር ማዕድን በተቀላቀለበት ስፖንጅ መሰል ሽፋን ሲታከም ቆይቶ፣ በሦስት ሳምንት ጤነኛ ሥጋ ሲያበቅል በዓይኗ አየች። ያን ቀን ስንቱን እንስሳ አድርቃ እንደገደለች ማሰብ ጀምራ፣ ስላስፈራት ተወችው።

ታላቅ ወንድሟ ውሻውን አቅፎ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ጡረታ የወጣ በያጅ ነው። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ከሰው ጋር የሚያወራው ከስንት አንዴ ነው፤ እሷ ትታለት ከሄደችው ከዚህ ውሻ ጋር ግን ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ይውላል። በውሻው ጎን ላይ አንዱ ጎረቤት የፈላ ዘይት ደፍቶበት ቁስሉ መግል ቋጥሯል። ማን እንደደፋበት ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ትንፍሽ ያለ ግን የለም። እንዲህ ነን እኛ።

እትዬ ፋሻና ዶክተሯ ቁስሉን አጠቡ፣ የሞተውን ቆዳ ቆርጠው አነሱ፣ አዲሱን ሽፋን አድርገው በፋሻ ጠቀለሉት።

«ጋሼ፣ እስከ አራት ቀን እንዳትነካው። እርጥብ ቢመስልህም እንዳትከፍተው።»

«ይተርፋል?»

«ካልነካኸው ይተርፋል።»

«እሺ እታለም።»

በአራተኛው ቀን ሲመጣ ፋሻው የለም። ሽታው ቀድሞት ገባ። ቁስሉ ላይ ነጭ ዱቄት ተነስንሷል፤ ቅርፊቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ከሥሩ መግል ይወጣል። ውሻው ዓይኑን መግለጥ እንኳ አቅቶታል።

«ምን አደረግከው ጋሼ?» ብላ ጮኸች።

«በማግስቱ ፋሻው ረጥቦ አየሁትና ፈታሁታ! ያኔ ብየዳ ክንዴን ሲያቃጥለኝ ‹አድርቀው፣ ፀሐይ አስመታው› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ዱቄቱንም የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ሁለት ቀን ሙሉ አቅፌው ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ።»

«እንዳትከፍተው ብዬህ አልነበረም?»

«ዶክተሯ ፊት ስለሆንሽ ለሷ ብለሽ ነው ያልሽው መስሎኝ! እቤት መጥተሽ እሷን እያስመሰልሽ አላሳቅሽኝም እንዴ?»

ዶክተሯ መርፌ ይዛ ብትሮጥም ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር። ውሻው ከምሳ ሰዓት በፊት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሞተ።

«በኔ ነው እንዴ የሞተው?» አለ ወንድሟ።

«በኔ ነው ጋሼ። እኔ ነኝ የገደልኩት።» ይህን ስትል እንባዋ ቀደማት።

ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት። «ተይ፣ እኔን ለማጽናናት ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። አንቺማ በደንብ አስተምረሽኝ ነበር። ዱቄቱን ያሳነስኩት እኔ ነኝ።»