ሽምብራችን ባሕር የተሻገረበት ዓመት

ከጉንደ ወይን ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ጥቁር የመረሬ መሬት ያለው ሁሉ ሽምብራ ይዘራል። ያን ዓመት ግን ሽምብራው ገና ሳይወቃ አንድ የእህል ደላላ ለአባቴ ይደውል ጀመር። ባሕር ማዶ ድርቅ ገብቶ ሽምብራ ጠፍቷል፤ ላኪዎቹ ያገኙትን ሁሉ ይጭናሉ፤ ዋጋው በየሳምንቱ ይወጣል። አባቴ ጎረቤት እንዲሰማለት ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የሚያወራው። ደስታው ያስፈራኝ ነበር።

የካቲት ላይ በደጀን በኩል አባይን የሚሻገር የጭነት መኪና ደጃችን ድረስ መጣ። እናቴ አንዱን ጆንያ በእጇ ያዝ አድርጋ አባቴን፣ «ለቤቱስ ትንሽ ቢያስቀሩ? ሁዳዴ ሊገባ ነው» አለችው።

«ፈረንጅ የሚሻማበትን እህል እኛ በሽሮ እንጨርሰው? ጓያ አለ አይደል!»

ጓያስ አለ። ዝናብ ሲጠፋም የሚበቅል፣ ድሃን የማይከዳ እህል ነው፤ ግን እግር ይሰብራል። ይህን የማያውቅ ያገሬ ሰው የለም። የሚሰብረው እንፋሎቱና ገለባው ነው ስለሚባል ተጠነቀቅን። እናቴ እንፋሎቱ እንዳያገኘን ጓያውን ውጭ ነበር የምትቀቅለው። ማንም እንዳይረግጠው ገለባውን ከአጥር ማዶ አስጣለች። ደብረ ማርቆስ ተምሬ የመጣሁት እኔ እንኳ ድስቱ ሲከፈት ወደ ኋላ እሸሽ ነበር። ከእንፋሎቱ ሸሽተን፣ ንፍሮው ሲቀርብ ከበን እንበላለን። አሁን ሳስበው መጀመሪያ ያስቀኛል፤ ከዚያ ያንገበግበኛል።

የቤቱ አራሽ ታላቅ ወንድሜ ነበር። እናቴ «አራሽ ነው፣ ይብላ» እያለች ከሁላችን አብልጣ ታቀርብለታለች። ሽሮው የጓያ፣ ቂጣው የጓያ፣ ንፍሮው የጓያ። እሱም «ሽምብራችን እንኳ ቀድሞኝ ባሕር ተሻገረ» እያለ ያስቀን ነበር።

ሰኔ ላይ ባቱን ይይዘው ጀመር። ድካም ነው አልን። ጠዋት ሲነሳ እግሩ እንደ እንጨት ይደርቅበታል፤ እናቴ በቅቤ ታሸዋለች። አንድ ቀን ንፋስ ገለባውን መልሶ አምጥቶት እንደሆነ ብላ ግቢውን ስትፈትሽ ዋለች። ማታ ያንኑ ሽሮ አቀረበችለት።

ሐምሌ ላይ የጤፉን ማሳ እያረሰ ሳለ ጭቃው ውስጥ ጉልበቱ ከዳው። በሬዎቹ ሞፈሩን ጎትተው ትንሽ ሄደው ቆሙ፤ እሱ ተንበርክኮ ቀረ። አባቴ አዝሎ አመጣው። ጎረቤቶች ምን ሆነ ብለው እንኳ አልጠየቁም፤ «ጓያ ሰበረው» አሉ። ጤና ጣቢያ ያየው ሐኪም ነገሩ ከበላው እንጂ ከእንፋሎቱ እንዳልሆነ፣ እግሩም እንደ ድሮው እንደማይመለስ ነገረን።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኛ ላይ የደረሰው ግን በፈራነው በኩል አልመጣም።

ዘንድሮ ሽምብራውን አባቴ ራሱ አርሶ ዘራው። ደላላው ደጋግሞ ደወለ፤ ዋጋው ከዚያኛውም ዓመት ይበልጣል አሉ። አባቴ ስልኩን ኪሱ ከቶ ሽምብራውን ጎተራ አስገባ። እናቴ የሽምብራ ሽሮ ሠርታ እንደ ልማዷ ወንድሜ ፊት አብልጣ አወጣች። እሱ ምርኩዞቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጡን ትንሽ አየው።

«እማዬ፣ አታብዢልኝ» አላት። «እኔ እኮ አሁን አላርስም።»