እትዬ አጉሊና ዥንጉርጉሩ በሽታ

የወንድሜን ሚስት በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። አውራ ጣት የምታህል አጉሊ መነጽር በጥቁር ክር ከአንገቷ ስለምታንጠለጥል ሁሉም «እትዬ አጉሊ» ይላታል። የበሩ ጥበቃ የመግቢያ መዝገቡ ላይ ሳይቀር እንዲሁ ብሎ ጽፎ ተገኝቷል።

እኔ እዚያው ቤት ጠራዥ ነኝ። ስለ እሷ የምጽፈው ዝምድና ስላለን ብቻ አይደለም። ፈጣሪ ሥራውን እንደ ጸሎት የሚይዝ ሰው አልፎ አልፎ ያሳየናል፤ እኔ አንዷን በቅርብ አይቻለሁና ማመስገን ይገባኛል። ከዚህ በታች የምናገረው ግን ከምስጋና ይልቅ ወደ ንቀት ያዘነብላል። ይቅር ይበለኝ።

መጀመሪያ ሥራዋን ላስረዳ። የማተሚያ ማሽን ደብዘዝ ወይም ፈካ ያለ ቀለም አያውቅም። ቀለሙን ወይ ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል፣ ወይ አያሳርፍም። ስለዚህ የአንድ ሕፃን ጉንጭ ፎቶግራፍ ለመታተም አስቀድሞ ብዙ ሺህ ጥቃቅን ነጥቦች መሆን አለበት። ጥላው ላይ ነጥቦቹ ይወፍራሉ፣ ብርሃኑ ላይ ይቀጥናሉ፣ ዓይናችንም ተታሎ ጉንጭ ያያል። ይህን የሚሠራው ሶፍትዌር በሙያው ቋንቋ ሪፕ ይባላል። እኛ ግን «ወፍጮው» እንለዋለን። ፎቶና ጽሑፍ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል ለአራቱ ቀለማት አራት የነጥብ ፋይል ይወጣል። የነጥቦቹ መደዳ በየትኛው ማዕዘን እንደሚያርፍ፣ ወረቀቱ ቀለም ሲጠጣ ነጥቡ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ይህን ሁሉ ለወፍጮው የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ለሃያ ሁለት ዓመት እሷ ነበረች።

የጀመረችው ኮምፒውተር ሳይመጣ፣ በፎቶ ፊልም ዘመን ነው። ቀይ መብራት ባለበት ጨለማ ክፍል ቆማ፣ ፊልሙ ላይ አቧራ የበሳውን ቀዳዳ በቀጭን ብሩሽ ስትደፍን ትውል ነበር። ኮምፒውተሩ ሲመጣ አብረዋት የነበሩት ሁለት ወንዶች «ይሄ የእኛ ነገር አይደለም» ብለው ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ። እሷ የሶፍትዌሩን መመሪያ መጽሐፍ ወደ ቤት ወሰደችው። ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። እሱ በጠረጴዛው አንድ ጫፍ ሱሪ ሲያሳጥር፣ እሷ በሌላው ጫፍ በመዝገበ ቃላት ገጽ በገጽ ስታነብ ሁለት ዓመት ሄደ። «የሌላ ሰው ሚስት ስትተክዝ ባሏ ይሰጋል» ይለኝ ነበር፣ «የእኔዋ ስትተክዝ ግን ስለ ነጥብ መሆኑን ስለማውቅ ተኝቼ አድራለሁ።»

እንዲህ ተደላድለን ሳለ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አማች መጣ።

ባለቤቱን «ጋሼ» እንለዋለን፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሴት ልጁን በጣም ይወዳል፣ ጥፋቱም ከዚያ ይጀምራል። አማቹ ከሠርጉ በኋላ ባሉት ወራት ሦስት ቦታ ተቀጥሮ ሦስቱም ቦታ «አልተረዱኝም» ብሎ ወጣ። በመጨረሻ እኛ ዘንድ «የቴክኖሎጂ ኃላፊ» ሆኖ ተሾመ። ከመምጣቱ በፊት እንዲህ የሚባል ሹመት መኖሩን ማንም አያውቅም ነበር። አዲስ ወፍጮ አስገዛ። ሠራተኛውን ሰብስቦም ደረቱን ነፍቶ፣ «ከእንግዲህ የሰው ዓይን አያስፈልግም። አንድ ቁልፍ ብቻ ትጫናላችሁ» አለን። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሙ «አንድ ቁልፍ» ሆኖ ቀረ። እሱ አድናቆት መስሎት ሲጠሩት ፈገግ ይል ነበር።

እትዬ አጉሊ በዕድሜ እናቱ ትሆናለች። ሆኖም «አንቺ» ነበር የሚላት። እሷ አዲሱን ወፍጮ በሦስት ሳምንት አጠናችው፣ ወደደችውም። «ጎበዝ ነው» አለችኝ፣ «ግን ጎበዝ ተማሪም ቢሆን ጥያቄው በትክክል ካልተነገረው የሚመልሰው ሌላ ነው።»

ያን ሰሞን የያዝነው ትልቅ ሥራ የነርሶች መማሪያ ነበር። አንዲት ሐኪም ለብዙ ዓመታት ከራሷ ሕመምተኞች ያነሳቻቸው የቆዳ በሽታ ፎቶግራፎች የሞሉበት መጽሐፍ ነው። አንዱን ሽፍታ ከሌላው መለየት የሚቻለው በቀለሙና በጠርዙ ስለሆነ፣ እትዬ አጉሊ ለአንድ ክንድ ፎቶ ግማሽ ቀን ስታጠፋ አይቻለሁ። «ይህን ያየች ነርስ ነገ የሰው ልጅ ክንድ ትይዛለች» ትል ነበር። ፈጭታ ጨርሳ ፋይሎቹን ባስቀመጠች ማግስት አንድ ቁልፍ ከመካከላቸው አንዱን በትልቁ ስክሪን ከፈተው። ክንዱ ከላይ እስከ ታች መስመር መስመር ሆኖ ታየው። ሮጦ ጋሼን ጠራ።

«ይኸው ጋሼ» አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት ያመንካት ሴትዮ የሠራችው ይሄን ነው።»

ጋሼ መነጽሩን አድርጎ አየና ፊቱ ጠቆረ። እትዬ አጉሊ ተጠራች። እጇን በጋዋኗ ጠረግ አድርጋ ማውሱን ያዘች፣ ምስሉን ወደ ሙሉ መጠኑ አሳደገችው። መስመሩ ጠፋ፤ ነጥቦቹ ብቻ እንደ ተደረደረ ዶቃ ቀሩ።

«ስክሪኑ ነጥቡን ሁሉ ማሳየት ሲያቅተው ነው እንዲህ የሚያደርገው» አለች። «ይሄ ጭረት አይታተምም።»

ጋሼ ሳቀ። ሳቁ አጭር ነበር፣ ግን የማተሚያ ማሽኑን የሚይዘው ማሽኒስትም ሰምቶ ሳቀ፣ እኔም በር ላይ ቆሜ ስለነበር ሳቅሁ። ያ ሳቅ ነው ጣጣ ያመጣው። ባዶ ሰው ስድብን ሊረሳ ይችላል፤ ሳቅን ግን አይረሳም።

ሳምንት ሳይሞላ «የክፍሉ አሠራር ይዘምናል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። እትዬ አጉሊ ወደ ወረቀት መጋዘን ተዛወረች። ጋሼ ራሱ ሊነግራት ሲመጣ ዓይኗን ማየት አልቻለም።

«እህቴ፣ ልጁ ራሴን ላሳይ ይላል። እንየው» አላት። «ይህ መጽሐፍ ያለ አንቺ አምሮ ከወጣ ክፍሉ የእሱ ይሆናል፣ አንቺም እዚሁ ወረቀት ቤት ትረጊያለሽ። ካላማረ ደግሞ ያኔ እንነጋገራለን።»

«ፋይሉን እኮ ፈጭቼ ጨርሻለሁ ጋሼ። ምኑን ነው የሚያሳየው?»

ጋሼ የወረቀቱን ቁልል ዳበስ አድርጎ ወጣ። ይህ ጥያቄ ለእሱም ከባድ ሳይሆንበት አልቀረም።

በመጋዘኑም አላረፈችም። የመጽሐፉ ወረቀት እንደ ደረሰ ሜትሯን አውጥታ ለካችው። ከታዘዘው ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ጠቦ መጥቷል። ወዲያው በእርሳስ ማስታወሻ ጻፈች፦ «ወረቀቱ ጠባብ ነው። ሥራው ከዋናው ፋይል በአዲሱ ልክ እንደገና ይፈጭ።» ለአንድ ቁልፍ በእኔ እጅ ላከችለት። ተቀብሎ አነበበው፣ «ለዚህ ነው እንዴ?» ብሎ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

እንደገና ለመፍጨት ማዕዘኑን፣ የነጥቡን መጠን፣ የወረቀቱን ጠባይ ለወፍጮው መንገር ያስፈልጋል። እሱ ይህን አያውቅም። አለማወቁንም ለማንም አይናገርም። ስለዚህ በዚህ ሥራ የኖረ ሰው በሕልሙም የማያደርገውን አደረገ፤ ተፈጭቶ ነጥብ የሆነውን ፋይል ከፍቶ፣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ፣ ከመቶ ሁለት እጅ አሳነሰው። ሱሪ ቢሆን ጫፉን አጥፎ መስፋት ይቻላል። ነጥብ ግን አይታጠፍም። ኮምፒውተሩ እንዲያሳንስ ሲታዘዝ ነጥቦቹ ራሳቸው ከተሠሩባቸው ከፀጉር የቀጠኑ መደዳዎች ከየሃምሳው አንዱን አውጥቶ ጣለ፣ በተጣለው መደዳ ላይ ያረፈውን ነጥብ ሁሉ እየነከሰ።

ማተም እንደ ተጀመረ የመጀመሪያዎቹን የወረቀት ቅጠሎች ያየው ማሽኒስቱ ነው። ማሽኑን አቁሞ አንድ ቁልፍን ጠራው። እኔ የሚታጠፍ ወረቀት ልወስድ መጥቼ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ጌታዬ፣ የሰዎቹ ቆዳ መስመር አወጣ።»

«አታስብ፣ የስክሪን ነገር ነው።»

«ይሄ እኮ ስክሪን አይደለም። ወረቀት ነው።»

«ጭረቱ አይታተምም። ራሷ እትዬ አጉሊ ናት እኮ ያለችው።»

ማሽኒስቱ ቅጠሉን አየ፣ ሰውየውን አየ። «ታትሟል እኮ ጌታዬ» አለ በትሕትና።

«ቀጥል አልኩህ።»

ከቅጠሎቹ አንዱን ጠቅልዬ መጋዘን ወሰድኩላት። የወረቀት ቁልል ላይ ዘርግታ፣ አጉሊዋን አስቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ዕቃው የተሰበረበት ሰው ሐዘን ነበር።

«ከተፈጨ በኋላ ነው ያሳነሰው» አለች። «የኔን ነጥብ።»

«ዝም በይ» አልኳት። አላፍርበትም፣ እንዲህ ነው ያልኩት። «መጽሐፉ ተበላሽቶ ይውጣ። ጋሼ ካላማረ እንነጋገራለን ብሎሻል። አሁን ሄደሽ ከነገርሽው ያስተካክልና ክፍልሽ የእሱ ይሆናል።»

«እሱስ ይሁን። ይህን ይዛ የምትማረዋ ልጅስ?»

ተነስታ ሄደች። ሰው ፊት እንዳታሳፍረው ብላ ብቻውን አገኘችው። «ልጄ፣ ማሽኑ ይቁም። እንደገና ልፍጨው፣ አንተ እንደ ሠራኸው ይቆጠር፣ እኔ አልናገርም» አለችው። ይህን ከእሷ አልሰማሁም፤ እሱ ራሱ ነው ኋላ «ልታታልለኝ መጣች» ብሎ ለሁሉም ያወራው። መልሱ «ሂጂ ወረቀትሽን ቁጠሪ» የሚል ነበር። ማሽኑም እስከ ምሳ ሰዓት ሠራ።

ከምሳ በኋላ ሐኪሟ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ልታይ መጣች። አጭር፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ጋሼ ወንበር አቀረበላት፣ አንድ ቁልፍ ቅጠሎቹን ራሱ እንደ ጻፋቸው ሁሉ አንድ በአንድ ገለጠላት። ሦስተኛው ላይ እጁን ያዘችው።

«ይህን በሽታ አላውቀውም» አለች።

«ዶክተር፣ የእርስዎ ፎቶ እኮ ነው።»

«ፎቶው የኔ ነው። ይህ ሰው በጡንቻው ላይ ክብ ሽፍታ ነበረበት። አሁን ከትከሻው እስከ እጁ የሜዳ አህያ ሆኗል።» ቀጣዩን ገለጠች። «ይህችም ተይዛለች። ይህ ሕፃንም። የሚተላለፍ ነው ማለት ነው።»

ማሽኒስቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጋሼ ላብ በላብ ሆነ። አንድ ቁልፍ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ፋይሉን የፈጨችው አሮጊቷ ናት። ከክፍሏ ስላነሳናት ሆን ብላ ነው» አለ።

እትዬ አጉሊ ተጠራች። ክሱን ቆማ ሰማች። አጉሊዋን ከአንገቷ አውልቃ ቅጠሉ ላይ አስቀመጠችና ሐኪሟን ጋበዘቻት።

«በየግማሽ ሚሊሜትሩ አንድ መስመር ነጥብ የተነከሰ ይታይዎታል?»

«ይታየኛል።»

«ወፍጮ እንዲህ አይነክስም። ሰው የተፈጨውን ፋይል ሲያሳንስ ነው እንዲህ የሚሆነው። እኔ የፈጨሁት አሁንም ኮምፒውተሩ ላይ በሰፊው ልክ አለ፤ ይከፈትና በሙሉ መጠኑ ይታይ።»

ተከፈተ። ነጥቦቹ አንዱም ሳይጎድል ተደርድረው ቆመው ነበር። የተቀነሰው ፋይል አጠገቡ ነበር፤ ስሙ «አዲስ የተስተካከለ የመጨረሻ»። የእርሳሷም ማስታወሻ ከአንድ ቁልፍ ኪስ ወጣ፣ ምክንያቱም ጋሼ «ወረቀቱ መጥበቡን ማን ነገረህ?» ብሎ ጠየቀውና እሱም ሳያስብ አውጥቶ አሳየ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ያለ ቅንነት አላየሁበትም።

ጋሼ ማስታወሻውን አንብቦ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። በመጨረሻ «እህቴ፣ ምን ያስፈልግሻል?» አላት።

«ወንበሬ» አለች። «አንዱ እግሩ አጭር ስለሆነ ሥሩ የማደርጋት የታጠፈች ወረቀት አለች። እሷም ካልተጣለች።»

ወንበሩን ከመተላለፊያው እኔ አመጣሁላት። ወረቀቷ ተጥላ ነበር፤ ዥንጉርጉሩን ቅጠል አጣጥፌ በምትኳ አደረግሁ። መጽሐፉን በሁለት ቀን ከዋናው ፋይል፣ በጠባቡ ወረቀት ልክ ፈጨችው። ሽፍታው ክብ ሆኖ ወጣ። ስጠርዘው እንደ ልማዴ ገጽ በገጽ አነበብኩት። ሰው ይህን ያህል በቆዳው እንደሚሠቃይ አላውቅም ነበርና ስለ ጤናዬ አመሰገንኩ።

አንድ ቁልፍ አልተባረረም። አማች አይባረርም። «የልማት አማካሪ» ተባለ፣ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ተሰጠው፣ ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ከሰዓት ላይ ወደ ክፍሏ ገብቶ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ አጠገቧ ቆመ።

«ያቺን ነገር... እስኪ ማየት ይቻላል?» አለ። «አንቺ» ማለቱን ትቶታል።

አጉሊዋን አውልቃ ሰጠችው። ጎንበስ አለ፣ ቶሎ አልተነሳም።

«ሁሉም ነጥብ ነው?» አላት።

«ሁሉም ነው ልጄ።»

ስንት ወር ሙሉ የዚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ነጥብ ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ ልስቅ ፈለግሁ። እሷ ግን ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ቦታ ስታሰፋለት ሳይ ተውኩት።