የግድግዳው ማዶ ጥፊ

ተራራው ይሉታል። ቁመቱና ትከሻው ያወጡለት ስም ነው እንጂ ሰውዬውስ ዝንብ እሽ የማይል ነበር። አባቱ እናቱን ሲደበድብ እያየ ነው ያደገው። ገና ጢሙ ሳያቀመቅም "እጄን በሰው ላይ ካነሳሁ ይቆረጥ!" ብሎ ምሏል። እንጀራው ቁም ሳጥንና አልጋ ተሸክሞ ፎቅ ማውጣት ነው።

እንግዲህ ይህንን ሰው ነው አንዲት የሥነ ልቦና ዶክተር ለዱላ የቀጠረችው። ኧረ ጉድ! ጥናቷ፣ ሰው አጠገቡ ሌላው ሲደበደብ ቢሰማ ይነሳል ወይስ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል የሚል ነው። ተሳታፊው "የማስታወስ ፈተና ነው" ተብሎ አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ከግድግዳው ማዶ ተራራው "ዛሬ ገድዬሽ ነው የምወጣው!" እያለ ወንበር ይገለብጣል፣ የቆዳ ትራስ በጥፊ ያጮላል። አንዲት ተማሪ ደግሞ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮኻለች።

ሲያበቃ ዶክተሯ እውነቱን ትናገራለች፤ ተራራውና ልጅቷም ወጥተው ተሳታፊውን እየሳቁ ይጨብጡታል። ለተራራው ከደሞዙ ይልቅ ያቺ መጨባበጥ ትበልጥበት ነበር። የአባቱን ስድብ ሁሉ በገዛ አፉ ሲተፋ ውሎ፣ ወደ ራሱ የምትመልሰው ያቺው መጨባበጥ ነበረች።

አንድ ቀን ጠና ያለች ልብስ ሰፊ ለጥናቱ መጣች። ጥፊው ሲጮህ ብድግ ብላ በሩን በረገደችና በኮሪደሩ ሮጣ ወደ ውጭ!

"ዶክተር፣ ሴትዮዋ እውነቱን ሳትሰማ እኮ ወጣች" አለ ተራራው።

"አቋርጦ መውጣት መብቷ ነው። የወጣን ሰው መከታተል ደግሞ ክልክል ነው። የሥነ ምግባር ደንባችን እንደዚያ ይላል።"

"ኧረ በእናትዎ ይደውሉላት! እኔን ምን ብላ ነው የምታስበኝ?"

"ደንብ ደንብ ነው፣ ወንድሜ።"

አይ የተማረ ሰው! እንዳትጨነቅ ብለው ከነጭንቀቷ ለቀቋት።

ሳምንት ሳይሞላ ነው ጉዱ የመጣው። ተራራው ከሥራ ሲወጣ፣ በሩ ላይ ተማሪዋን "ነይ እንጂ፣ ቦርሳሽን ልያዝልሽ!" ከማለቱ፣ ከመንገዱ ማዶ "እሱ ነው! ድምፁ ነው!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ ናት። ብረት በያጅ የሆኑ ሁለት ወንድሞቿን ብረት እንደያዙ አስከትላ መጥታለች።

የመጀመሪያው ብረት ጉልበቱን ሰበረው። ሁለተኛው አፉ ላይ አረፈ፤ ጥርሱን ከነደሙ አስፋልቱ ላይ ተፋ። ሁለቱንም በአንድ ክንዱ አንጠልጥሎ መወርወር የሚችል ሰው፣ መሐላው ትዝ ብሎት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ቀበረ። ወይ ነዶ!

"ትያትር ነው! ትያትር ነው!" ይላል በተሰበረ አፉ። ማን ይስማው?

ተማሪዋ ዘላ መሐል ገባች። "አልመታኝም! እትዬ፣ እዩኝ፣ አንድ ጭረት የለብኝም! አንድ ቀን እንኳ ነክቶኝ አያውቅም!"

ልብስ ሰፊዋ ልጅቷን ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "እኔም እንደዚሁ ነበር የምለው፣ ልጄ" አለቻት። ከዚያ ወደ ወንድሞቿ ዞረች። "ጨምሩለት!"

ጨመሩለት። የጎን አጥንቱ ሲሰበር ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር።

ዶክተሯ እየሮጠች ስትደርስ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። እዚያው ደሙ አጠገብ ቆማ፣ ጥናቱን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳች። ትራሱ ሳይቀር ከውስጥ መጣ። ወንድማማቾቹ ብረታቸውን ጣሉ። ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ በሻርፗ የተራራውን አፍ ጠረገችለት።

"ታዲያ ያን ዕለት ምናለ ብትነግሩኝ?" አለች። "እንቅልፍ አልወሰደኝም እኮ። ልጅቷን ጥዬ ሮጥኩ እያልኩ!"

ተራራው እንደ ሁልጊዜው ሊጨብጣት ፈልጎ አንድ እጁን ከብብቱ አወጣና ወደ እሷ ዘረጋ።

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን በሁለት ክንዷ ሸፍና ወደ ኋላ ወደቀች።